ድንጋዩ ሞልቷል፣ መንገዱ ነው የጠበበው

(ኮምቦልቻ ላይ ለቴክኒክ ተማሪዎች፣ ለበያጆችና ለሾፌሮች ስለ ማንጋኒዝ ካደረግሁት ንግግር ተስተካክሎ የተጻፈ። ዓመቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን ዋላችሁ። ስላይድ አዘጋጅቼ ነበር፤ መብራቱ ግን እንደምታዩት ሄዷል። ፕሮጀክተሩንም ይዞት ሄዷል። ስለዚህ ካርታውንም ፎቶውንም በአፌ ነው የምስልላችሁ።

ዘበኛው አባታችን ባትሪያቸውን አውሰውኛል። ይኸው፣ ከውስጡ አንዷን አወጣኋት። ይቺን ምን ትሏታላችሁ?

ድንጋይ። አዎ። የባትሪ ድንጋይ፣ የሬዲዮ ድንጋይ። ሱቅ ሄደን «ሁለት ድንጋይ ስጠኝ» ስንል ነው ያደግነው። ስሙን ያወጣላት ሰው ሳያውቀው ልክ ብሏል። ውስጧ የታጨቀው ጥቁር ዱቄት የማዕድን ዱቄት ነው፤ ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ይባላል፤ ማንጋኒዝ የሚባለው የብረት ዘመድ ከኦክስጅን ጋር የተዋሐደበት። ከካርቦን ጋር ተለውሶ ነው የሚገባው። የዚህችን ቅድመ አያት ፈረንሳዊው ዦርዥ ሌክላንሼ በ1866 ሠራት። የውስጧ ኬሚስትሪ እስከ ዛሬ ብዙም አልተለወጠም።

ገጠር የተማራችሁ ዱቄቷን በሌላም ታውቋታላችሁ። «ያለቀ ድንጋይ ከቤት አምጡ» ተብለን፣ ሰባብረን፣ ከከሰል ጋር ወቅጠን ጥቁር ሰሌዳ ቀብተናል። ጥቁረቱ ከጥፍራችን ሥር ለቀናት አይለቅም ነበር። ስትደክም ደግሞ ፀሐይ ላይ እናሰጣታለን። ያ ጨዋታ አልነበረም፣ ይሠራል። ሙቀቱ ውስጧ የቀረውን ኬሚስትሪ ለጥቂት ጊዜ ያነቃቃዋል። ለማታ ዜና ትበቃለች፣ ከዚያ ትሞታለች።

እንግዲህ ማንጋኒዝን ሁላችሁም በእጃችሁ ነክታችሁታል። ስሙን ነው ያልነገሯችሁ።

የባትሪ ድንጋይ ግን የነገሩ ጥግ ናት። ዓለም ላይ ከሚወጣው ማንጋኒዝ ከአሥሩ ዘጠኙ እጅ የሚሄደው ወደ ብረት ማቅለጫ ነው። እዚህ ቆርቆሮና ምስማር በሚሠራበት ከተማ ይህን መናገር ቀላል ነው። ፌሮ የምታስሩት፣ ላሜራ የምትበይዱት ሁሉ ውስጡ ማንጋኒዝ አለ። ለአንድ ቶን አረብ ብረት በአማካይ ከ6 እስከ 9 ኪሎ ይገባል።

ለምን ይገባል? ብረት ሲቀልጥ ሁለት ሌቦች አብረውት ይገባሉ፤ ድኝና ኦክስጅን። ድኙ ከብረቱ ጋር ተያይዞ 1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይሞላ የሚቀልጥ ነገር ይፈጥራል። ብረቱ ፌሮ ሆኖ የሚሳበው ደግሞ ከዚያ በላይ በጋለ ሙቀት ነው። ስለዚህ ከውጭ ስታየው ጠጣር ነው፤ ከውስጥ ግን ብረቱ በተሠራባቸው ጥቃቅን ፍሬዎች መሐል ያለው ስስ ሽፋን ውሃ ሆኗል። ስትመታው ይፈረካከሳል። ማንጋኒዝ ስትጨምርበት ድኙ ብረቱን ትቶ ወደ ማንጋኒዙ ይሄዳል። አዲሱ ውህድ ደግሞ 1600 ዲግሪ አካባቢ ካልደረሰ አይቀልጥም። ብረቱ ተረፈ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ሁሌም ስለሚከነክነኝ ነው። በ1856 እንግሊዛዊው ሄንሪ ቤሰመር አረብ ብረትን በርካሽ የመሥራት ዘዴ አመጣና ስሙ ገነነ። ብረቱ ግን ይሰነጠቅ ነበር። ነገሩን ያዳነው ሮበርት ሙሼት የሚባል ሰው ማንጋኒዝ ያለበት ጥሬ ብረት ጨምሮበት ነው። በየመጽሐፉ የምታገኙት ቤሰመርን ነው። ሙሼትን የሚያውቀው የሙያው ሰው ብቻ ነው።

ሌላው ሮበርት፣ ሮበርት ሃድፊልድ፣ በ1882 ማንጋኒዙን ጨመር አድርጎ ወደ 12 እና 13 በመቶ አደረሰው። የወጣው ብረት ባሕርይው ልዩ ነው። በመታኸው ቁጥር ላዩ ይጠነክራል። በዱላ የሚብስበት ልጅ አለ አይደል? እንደሱ ነው። ክሬሸር ላይ የሠራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ጥቁር ድንጋይ የሚያደቅቀው መንጋጋ የሚሠራው ከዚህ ብረት ነው። የባቡር ሐዲድ የሚጣመርበትና የሚሻገርበት ቦታም እንደዚሁ።

ማንጋኒዝን ለዚህ ሥራ የሚተካ ነገር እስከ ዛሬ አልተገኘም። ወደድክም ጠላህም ትገዛዋለህ።

ወደ መሬቱ እንግባ። ይህኛው ክፍል እኔ የምወደው ነው፤ ካስረዘምኩ አስቁሙኝ።

ከደሴ የመጣችሁ ሐረጎን ወርዳችሁ ነው። መንገዱን ተከትሎ ተቆርጦ የምታዩት ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ነው፤ ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ይህን ደጋ ከሸፈነው የእሳተ ገሞራ ፍሳሽ ወገን። በባዛልት ውስጥ ማንጋኒዝ አለ። በአንድ ቶን ከ1 እስከ 2 ኪሎ ታገኛላችሁ። ማንጋኒዝ ብርቅ አይደለም። በምድር ቅርፊት ውስጥ ካሉት ንጥረ ነገሮች በብዛት 12ኛ አካባቢ ነው። ችግሩ መበተኑ ነው። ገበያ የሚወጣ ድንጋይ በአንድ ቶን ከ300 እስከ 500 ኪሎ ማንጋኒዝ ሊኖረው ይገባል። ስለዚህ ጂኦሎጂስት የሚፈልገው ተፈጥሮ ማንጋኒዝን ሁለት መቶና ሦስት መቶ ጊዜ አጥፋ የሰበሰበችበትን ቦታ ነው።

እንዴት ትሰበስበዋለች? ከጥልቅ ጉድጓድ የሚቀዳ ውሃ አስቡ። ሲቀዳ ጥርት ያለ ነው። ጄሪካን ውስጥ ሲያድር ግን አንዳንዱ ቡናማ፣ አንዳንዱ ጥቁር ዝቃጭ ይጥላል። ቡናማው ብረት ነው። ጥቁሩ ማንጋኒዝ ነው። ኦክስጅን በሌለበት ውሃ ውስጥ ሁለቱም እንደ ስኳር ሟሙተው ይኖራሉ። አየር ሲነካቸው ይረጋሉ። ግን እኩል አይረጉም። ብረት ችኩል ነው፤ ትንሽ ኦክስጅን ካገኘ ወዲያው ይዘቅጣል። ማንጋኒዝ ትዕግስተኛ ነው፤ ብዙ ኦክስጅን እስኪያገኝ ውሃው ውስጥ ይቆያል፤ ርቆም ይሄዳል። ሁለቱ መንታ ሆነው ሳለ በተለያየ ቦታ የሚቀበሩት በዚህ ነው።

አሁን ጄሪካኑን ባሕር አድርጉት።

ከ2.4 ቢሊዮን ዓመት በፊት አካባቢ በምድር አየር ውስጥ ኦክስጅን የሚባል ነገር እዚህ ግባ አይባልም ነበር። ባሕሩ በሟሟ ብረትና ማንጋኒዝ የተሞላ ነበር። በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት በፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን እየሠሩ ኦክስጅንን እንደ ቆሻሻ ይለቁ ጀመር። የእነሱ ቆሻሻ ነው ዛሬ እኔና እናንተን የሚያስተነፍሰን። ኦክስጅኑ ሲበዛ መጀመሪያ ብረቱ ረጋ፤ ንብርብር እየሠራ ተቀመጠ። ከዚያ ተራው የማንጋኒዝ ሆነ።

የዚያ ዘመን ትልቁ መዝገብ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ነው፤ የካላሃሪ ማንጋኒዝ ሜዳ፣ ሰሜን ኬፕ። በየብስ ላይ ከሚታወቀው የዓለም የማንጋኒዝ ሀብት አብዛኛው እዚያ አንድ ቦታ ተቀምጧል። ሦስት የማንጋኒዝ ንብርብሮች በብረት ንብርብር መሐል ገብተው ታገኛላችሁ፤ በቀይ ወጥ ውስጥ እንደተጋገረ ጥቁር እንጀራ። ከተማው ሆታዜል ይባላል። ስሙ «እንደ ገሃነም የሚያቃጥል» ከሚል የእንግሊዝኛ አነጋገር ተጨማዶ የወጣ ነው። ባቲን አልፋችሁ ሎጊያ ላይ ቀትር ያገኛችሁ ሾፌሮች ሰዎቹን ትረዷቸዋላችሁ። የሜዳው አብዛኛው ድንጋይ ማንጋኒዙ 37 እና 38 በመቶ ነው። በሰሜኑ በኩል ግን በኋላ ዘመን የፈሰሰ ትኩስ ውሃ ሌላውን እያጠበ ማንጋኒዙን ከፍ አድርጎታል።

ሁለተኛው ጋቦን ነው፣ ሞአንዳ። ዕድሜው 2.1 ቢሊዮን ዓመት ገደማ። እዚያ ሥራው ሁለት ጊዜ ነው የተሠራው። መጀመሪያ ባሕሩ አስቀመጠው። በኋላ፣ በጣም በኋላ፣ የሐሩር ዝናብ ላዩን እያጠበ የሚሟሟውን ወሰደና ማንጋኒዙን ተወው። ስለዚህ ድንጋዩ ከመሬት ወለል ብዙም ሳይርቅ፣ ከ40 በመቶ በላይ ሆኖ ይገኛል። በቡልዶዘርና በኤክስካቫተር ትዝቀዋለህ። በነገራችን ላይ በዚያው ተፋሰስ ኦክሎ የሚባል ቦታ አለ። ከ2 ቢሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ዩራኒየሙ ራሱን በራሱ አቀጣጥሎ የተፈጥሮ ኑክሌር ማብላያ ሆኖ ሠርቷል። በ1972 ነው የታወቀው። ከርዕሴ ውጭ ነው፤ ግን ሳልነግራችሁ ማለፍ አልቻልኩም።

ወጣቶቹ ክምችቶች ደግሞ ሌላ ታሪክ አላቸው። የአውስትራሊያው ግሩት አይላንድ ዳይኖሰሮች በነበሩበት በክሬታሺየስ ዘመን ጥልቀት በሌለው ባሕር ዳር የተከማቸ ነው። የጆርጂያው ቺያቱራና የዩክሬኑ ኒኮፖል ከ30 ሚሊዮን ዓመት ትንሽ በላይ ናቸው፤ ከሐረጎ ባዛልት ጋር እኩዮች ማለት ይቻላል። ይህ ዓይነቱ እንዴት እንደሚሆን ማየት የፈለገ ዛሬም ጥቁር ባሕርን ያያል። ከ200 ሜትር በታች ኦክስጅን የለም፤ ማንጋኒዝ ሟሙቶ ተኝቷል። ከላይ አየር አለ። ሁለቱ በሚገናኙበት ወለል ላይ ጥቁሩ ይረጋል። ገንዳ ውኃው ሲቀንስ ዙሪያውን እንደሚያበጀው መስመር በሉት።

እሺ፣ ድንጋዩ ይበቃናል። ወደ ገበያው።

ዓለም በዓመት ከሚያወጣው ድንጋይ ውስጥ ማንጋኒዙ ብቻ ሲቆጠር ወደ 20 ሚሊዮን ቶን ነው። ደቡብ አፍሪካ ብቻዋን ከሲሶ በላይ። ጋቦንን ስትጨምሩ ከግማሽ ያልፋል። ሦስተኛዋ አውስትራሊያ ናት። ጋናም አለችበት፤ ንሱታ ላይ ከ1916 ጀምሮ ይወጣል። ዛሬ በትርፍ ይወጣል ተብሎ የተመዘገበው ክምችት ከ1.5 ቢሊዮን ቶን በላይ ነው። አሁን በምንበላበት ፍጥነት ለሰባና ለሰማንያ ዓመት ይበቃል። ያልተመዘገበው ከዚህ እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ «ማንጋኒዝ ሊያልቅ ነው» የሚላችሁን አትስሙ።

ታዲያ ዋጋው ለምን ይዘላል? ኮምቦልቻ ላይ ይህን ማስረዳት አያቅተኝም። ከ1998 በፊት የአሰብ መንገድ በዚህ ነበር የሚያልፈው፤ በባቲ፣ በሚሌ አድርጎ። ጦርነቱ ሲመጣ ወደቡ ተዘጋ። ዕቃው ዓለም ላይ ሞልቶ ነበር። መንገዱ ነው የጠፋው። ማንጋኒዝም እንደዚያው ነው።

መጋቢት 2024 ላይ ሜጋን የሚባል አውሎ ነፋስ ግሩት አይላንድን መታ። የማዕድን ጉድጓዶቹን ውሃ አጥለቀለቃቸው። ከሁሉ የከፋው ግን የመርከብ መጫኛውን መስበሩ ነው። ደሴት ናት፤ ሌላ መውጫ የላትም። ከዓመት በላይ ጭነቱ ተስተጓጎለ።

ዋጋ ሲጠራ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ጋዜጣ ላይ ስታዩት ግር እንዳይላችሁ። በቶን አይደለም የሚጠራው። በአንድ ቶን ውስጥ ላለች ለእያንዳንዷ 1 በመቶ ነው። 44 በመቶ ያለበት ድንጋይ 5 ዶላር ነው ከተባለ ቶኑ 220 ዶላር ነው። ከአውሎ ነፋሱ በፊት 4 ዶላር አካባቢ የነበረው በጥቂት ወራት 9 ዶላር አካባቢ ገባ። ደቡብ አፍሪካ ያሉት ባቡር አልበቃ ሲላቸው በከባድ መኪና ያጓጉዙ ጀመር፤ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ወደብ። ሁሉም ጫነ። የቻይና ወደቦች ተሞሉ። የቻይና የቤት ግንባታ ደግሞ ተቀዛቅዞ ነበር፤ ፌሮ የሚፈልግ ጠፋ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ዋጋው ወደ ነበረበት ተመለሰ። ሞአንዳ ላይ ለሳምንታት ማምረት እስከ ማቆም ተደረሰ። እዚህ ሽንኩርት የነገዳችሁ ይህን ታሪክ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

የደቡብ አፍሪካ ማነቆ ባቡሩ ነው። በ2019 375 ፉርጎ ያለው፣ 4 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የማንጋኒዝ ባቡር ነድተው አሳይተዋል። ሾፌሩ ፊት ሲደርስ ጅራቱ ገና ሌላ ሰፈር ነው። ግን አንድ ረጅም ባቡር ማሳየትና በየቀኑ በሰዓቱ መድረስ ይለያያል። መንገዱ ላይ የሚውለው የመኪና ብዛት ነገሩን ይናገራል።

የጋቦንም እንዲሁ ነው። ሞአንዳ በ1962 ሥራ ሲጀምር ባቡር አልነበረም። 76 ኪሎ ሜትር የአየር ገመድ ዘርግተው ድንጋዩን በቅርጫት ከጫካው በላይ ወደ ኮንጎ ያሻግሩት ነበር፤ ከዚያ በባቡር ወደ ፖይንት ኖይር ወደብ። በ1980ዎቹ የጋቦን ባቡር ሲደርስ ገመዱ ቆመ። ዛሬ ሁሉም ነገር በአንድ ነጠላ ሐዲድ ላይ ነው። አንድ ቦታ መሬት ከተንሸራተተ አገሩ ቆመ።

ጋቦን በ2025 ደግሞ ሌላ ነገር ተናገረች፤ ከ2029 መጀመሪያ ጀምሮ ጥሬ ማንጋኒዝ አልልክም፣ እዚሁ አቀልጣለሁ። እኔ ሐሳቡን እወደዋለሁ። ጥሬ ቆዳ ሸጠን ጫማ የምንገዛ ሰዎች ነን፤ ይገባናል። ግን ማቅለጥ ኤሌክትሪክ ይበላል። ብዙ ኤሌክትሪክ። (እዚህ ላይ አዳራሹ ጨለማ ውስጥ ሆኖ ሳቀ።) አዎ፣ የምለው ገብቷችኋል። እስከዚያ ኃይሉ ካልደረሰ ቀኑ ሊገፋ፣ ሕጉም ሊላላ ይችላል ብዬ እገምታለሁ።

ሌላው ማነቆ ወንዝም ተራራም የለበትም። ፋብሪካ ነው። ለዘመናዊ ባትሪ የሚሆነው እጅግ የተጣራ የማንጋኒዝ ሰልፌት ከአሥሩ ዘጠኙ እጅ በላይ የሚሠራው ቻይና ውስጥ ነው። የቻይና የራሷ ድንጋይ ደካማ ነው፤ ከአፍሪካና ከአውስትራሊያ ታስመጣለች። ያለችው ማጣሪያ ነው። ቡናውን የሚያበቅለውና ቆልቶ አሽጎ የሚሸጠው ማን እንደሚያተርፍ ታውቃላችሁ።

የመኪና ባትሪ ነገር ተነሳ። አገራችን በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ሁሉም ስለ ባትሪ ያወራል። «ማንጋኒዝ አዲሱ ነዳጅ ነው» የሚል ቪዲዮም አይቻለሁ። ቀስ በሉ። ከመኪና ባትሪዎች አንዱ ዓይነት ኒኬል፣ ማንጋኒዝና ኮባልት አለበት። ርካሾቹ የቻይና መኪኖች በብዛት የሚይዙት ግን የብረትና የፎስፌት ባትሪ ነው፤ በእሱ ውስጥ ማንጋኒዝ የለም። ማንጋኒዝ የሚጨመርበት አዲስ ዝርያ እየመጣ ነው፤ ያድጋል። ቢሆንም ዛሬ ባትሪ የሚወስደው ከጠቅላላው ጥቂት በመቶ ብቻ ነው። የማንጋኒዝን ዕጣ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው የቻይናን ፌሮ ይይ።

አንድ ሌላ መጋዘን አለ፤ ከባሕር በታች። ቻሌንጀር የምትባል የእንግሊዝ መርከብ ከ1872 እስከ 1876 ውቅያኖሶችን ስትዞር ድንች የሚያክሉ ጥቁር ድብልብሎች ከወለሉ አወጣች። በሃዋይና በሜክሲኮ መሐል፣ ከ4000 ሜትር በሚበልጥ ጥልቀት፣ ክላሪዮን ክሊፐርተን በሚባለው ቀጠና ወለሉን ሞልተውታል። ግምቱ 21 ቢሊዮን ቶን ድብልብል ነው፤ ከአራት አንዱ ያህል ማንጋኒዝ። የሚያድጉት በሚሊዮን ዓመት ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው። ጥፍራችሁ በአንድ ሳምንት የሚያድገውን እነሱ ለመቶ ሺህ ዓመታት ይለፉበታል። እነሱን የማውጣት ሕግ ኪንግስተን፣ ጃማይካ ላይ ለዓመታት ያከራክራል። የእኔን አስተያየት ከፈለጋችሁ፣ ለማንጋኒዙ ብሎ እዚያ የሚወርድ የለም። የሚወርደው ውስጡ ላለው ኒኬልና ኮባልት ነው።

በ1974 ግን አሜሪካኖች «ለማንጋኒዝ ነው የምንሄደው» ብለው ግሎማር ኤክስፕሎረር የምትባል ግዙፍ መርከብ ፓስፊክ ላይ አሰማርተው ነበር። ጋዜጣው ሁሉ ጻፈ። ለካ ሲአይኤ የሰመጠ የሶቪየት ሰርጓጅ መርከብ ሊያወጣ ኖሯል። ማንጋኒዙ ሽፋን ነበር።

ከጥያቄዎቹ ሁለቱን ልጻፍ።

አንድ በያጅ «ጭሱስ?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ኤሌክትሮዱ ላይ ማንጋኒዝ አለ፤ ጭሱ ውስጥም ይወጣል። ለዓመታት በብዛት የተነፈሰው ሰው እጁ ይንቀጠቀጣል፣ አረማመዱ ይለወጣል፤ ፓርኪንሰን የሚባለውን ሕመም ይመስላል። ስኮትላንድ ውስጥ በ1837 ነው በሐኪም የተጻፈው። የተዘጋ ቤት ውስጥ አትበይዱ። በር ክፈቱ፣ ንፋስ ከጀርባችሁ ሳይሆን ከጎን እንዲመጣ ቁሙ። ጥቁሩ መነጽር ዓይን ነው የሚያድነው፤ ሳንባን አያውቅም።

ሁለተኛው አንድ አባት ናቸው። «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ነግረኸናል። እኛ ጋስ አለ ወይ?»

አባቴ፣ ከዚህ ወደ ምሥራቅ ከወረዱ አፋር ነው። በሰሜን አፋር፣ ዳናኪል ውስጥ፣ ትኩስ ውሃ ከመሬት ውስጥ ብረት፣ ማንጋኒዝና ባሪየም ይዞ ወጥቶ ያስቀመጠው ክምችት አለ። በ1972 በአንድ የጂኦሎጂ መጽሔት ላይ ተጽፏል። በጂኦሎጂ ዓይን ትናንት የተሠራ ነው። ለሳይንሱ ውድ ነው፤ ከካላሃሪ ጋር ግን በሚዛን አይቀርብም። እዚህ በቦርከና ሸለቆ ያለው ባዛልትና ደለል ነው፤ የማንጋኒዝ ባሕር አልነበረበትም።

ይህን ስል አንድ ልጅ ከኋላ ተነሳ። ከኪሱ ጥቁር፣ ከባድ ድንጋይ አወጣ። «ይሄ ግን ማንጋኒዝ ነው» አለ። እርግጠኛ ነበር።

ላቦራቶሪ አልነበረንም። ቡና የቀረበበት ሲኒ ነበር። ሲኒውን ገልብጬ ከታች ቀለም ያልነካውን ክብ አሳየሁት። ድንጋዩን እዚያ ላይ ስታሽ መስመር ይተዋል። ማንጋኒዝ ከሆነ መስመሩ ጥቁር ወይም ጥቁር ቡናማ ነው። «አንተው እሸው» አልኩት። ዘበኛው ባትሪያቸውን አበሩልን። ድንጋይዋን መልሼላቸው ነበር። አሸው።

መስመሩ እንደ በርበሬ ቀላ።

ብረት ነው። «አብሽር» አልኩት፣ «የት እንዳነሳኸው ግን ጻፍበት።»